የኤሮቢክ ብቃት ግምት በስፖርት ማሽኖች ላይ

የኤሮቢክ ብቃት ማለት ሰውነት ኦክስጅንን ከአየር ተቀብሎ፣ በደም አመላልሶ፣ በጡንቻ ውስጥ ጉልበት ለማመንጨት የሚጠቀምበት አቅም ነው። ሳንባ አየሩን ያስገባል፤ በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ይሸከማል፤ ልብ ደሙን ይረጫል፤ ጡንቻ ደግሞ የደረሰውን ኦክስጅን ተቀብሎ ስብና ስኳር ያቃጥልበታል። ሥራው እየከበደ በሄደ ቁጥር የሚፈጀው ኦክስጅንም ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን ወሰን አለው። ሥራው የቱንም ያህል ቢከብድ ፍጆታው ከዚያ የማያልፍበት ጣሪያ ከፍተኛው የኦክስጅን ፍጆታ ይባላል፤ በስፖርቱ ዓለም የተለመደው ስሙ ቪኦቱ ማክስ ነው።

መጠኑ የሚገለጸው አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ ስንት ሚሊ ሊትር ኦክስጅን እንደሚፈጅ በመናገር ነው። አርፎ የተቀመጠ ሰው 3.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ ይህ መጠን አንድ ሜት ተብሎ እንደ መነሻ መለኪያ ያገለግላል። ስፖርት የማያዘወትር ጤነኛ ወጣት ወንድ ጣሪያው ብዙውን ጊዜ በ35 እና በ45 መካከል ነው፤ የሴቶች በአማካይ ከዚህ ዝቅ ይላል። በዓለም ደረጃ የሚወዳደሩ የረጅም ርቀት ወንድ ሯጮች ከ70 እስከ 85 ይደርሳሉ። እንቅስቃሴ በማያዘወትሩ ሰዎች ዘንድ ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ወዲህ ጣሪያው በየአሥር ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ቁጥሩ ለአትሌቶች ብቻ የሚያገለግል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ፣ 6,213 ወንዶችን የተከታተለ ጥናት፣ በትሬድሚል ላይ በታየው አቅም የእያንዳንዱ አንድ ሜት ብልጫ በሕይወት የመቆየት ዕድል 12 በመቶ ከመሻሻሉ ጋር ተያይዞ እንደተገኘ አሳይቷል። በዚያ ጥናት የተሳታፊዎቹ አቅም የተገመተው ከማሽኑ ፍጥነትና ዳገት እንጂ ከትንፋሻቸው ተለክቶ አልነበረም። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ የልብና የሳንባ ብቃት እንደ ደም ግፊት ሁሉ በሕክምና መደበኛ ምርመራ ውስጥ እንዲካተት አሳስቧል። ስለዚህ ብቃትን በማሽን ላይ በትክክል መገመት ለጤና ባለሙያውም፣ ለአሠልጣኙም፣ በጂም ለሚሠራውም ሰው የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

ቀጥተኛው ልኬት

የዚህ ሳይንስ መሠረት የተጣለው በጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ፊክ ነው። ፊክ እ.ኤ.አ. በ1870 ባቀረበው መርህ መሠረት፣ ሰውነት የሚፈጀው ኦክስጅን ልብ በደቂቃ የሚረጨው የደም መጠን ወደ ጡንቻ በሚሄደው ደምና ከጡንቻ በሚመለሰው ደም መካከል ባለው የኦክስጅን ልዩነት ሲባዛ ከሚገኘው ውጤት ጋር እኩል ነው። ልብ የሚረጨው ደም የልብ ምት ብዛትና በአንድ ምት የሚረጨው መጠን ብዜት ነው፤ የልብ ምት ከኦክስጅን ፍጆታ ጋር አብሮ የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጣሪያ መኖሩን በግልጽ ያስቀመጡት እንግሊዛዊው አርችባልድ ሂልና ባልደረባው ሃርትሊ ላፕተን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተሙት ሥራ ሯጩ የሚያስወጣውን ትንፋሽ በጀርባው በተሸከመው ከረጢት ሰብስበው ይዘቱን መረመሩ። ከረጢቱን የፈለሰፈው ክላውድ ዳግላስ ነበር። ዛሬ በላቦራቶሪ ውስጥ ተፈታኙ ጭንብል አድርጎ ይሮጣል ወይም ፔዳል ይመታል፤ መሣሪያው የሚተነፍሰውን አየር መጠን፣ በውስጡ የቀረውን ኦክስጅንና የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። ሥራው እየጨመረ ፍጆታው ከቆመ፣ ወይም የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚፈጀው ኦክስጅን በ10 በመቶና ከዚያ በላይ ከበለጠ፣ ተፈታኙ ወደ ጣሪያው ደርሷል ተብሎ ይታመናል።

ይህ ልኬት ውድ መሣሪያ፣ የሠለጠነ ባለሙያና እስከ መጨረሻው አቅሙ ለመሥራት የሚችልና የሚፈቅድ ሰው ይጠይቃል። ለአብዛኛው ሰው የሚቀረው መንገድ ግምት ነው።

ግምቱ የቆመባቸው ሦስት ምሰሶዎች

ጭንብል በሌለበት ማሽኑ የሚያውቀው የተሠራውን ሥራ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱን፣ ዳገቱን ወይም በዋት የሚለካውን ጉልበት። ከዚያ ወደ ኦክስጅን የሚሻገረው በሦስት ግምቶች ላይ ቆሞ ነው። አንደኛው፣ የአንድ ሥራ የኦክስጅን ዋጋ ለሁሉም ሰው ተቀራራቢ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ110 ገደማ ጀምሮ ከኦክስጅን ፍጆታ ጋር በቀጥታ መስመር ያድጋል የሚለው ነው። ሦስተኛው የአንድ ሰው ከፍተኛ የልብ ምት ከዕድሜው ሊታወቅ ይችላል ይላል።

ተፈታኙ እስከ መጨረሻው አቅሙ የሚሠራ ከሆነ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ግምት ብቻ ነው፤ የደረሰበት የመጨረሻ ሥራ ወደ ኦክስጅን ይቀየራል። ከጣሪያው በታች በሚቆም ፈተና ግን ሦስቱም ያስፈልጋሉ። የሚከተለው ስሌት አካሄዱን ያሳያል። 70 ኪሎ የሚመዝን የ40 ዓመት ሰው በብስክሌት ላይ በ75 ዋት የልብ ምቱ 115፣ በ125 ዋት 140 ሆነ እንበል። ምቱ በአንድ ሲጨምር ሥራው በ2 ዋት ይጨምራል ማለት ነው። በተለመደው ስሌት ከፍተኛ ምቱ ከ220 ላይ ዕድሜው ተቀንሶ 180 ይሆናል። መስመሩ እስከ 180 ሲዘረጋ ሥራው 205 ዋት ይደርሳል፤ ይህም ከታች በሚቀርበው የብስክሌት ቀመር ወደ 38.6 ሚሊ ሊትር ይተረጎማል።

የሦስተኛው ምሰሶ ድክመት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከ220 ዕድሜን የመቀነሱ ዘዴ ለብዙ ሰዎች አማካይ የሚስማማ ሆኖ ሳለ፣ በግለሰብ ደረጃ ግን በ10 ወይም በ12 ምት መሳት የተለመደ ነው። የዚያ ሰው እውነተኛ ከፍተኛ ምት 190 ቢሆን ውጤቱ ወደ 41.7 ከፍ ይላል፤ 170 ቢሆን ወደ 35.5 ይወርዳል። እግሩም ሳንባውም ሳይለወጥ ከስድስት ሚሊ ሊትር በላይ ልዩነት ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሌላው ቀመር፣ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 የሚቀንሰው፣ በተለይ ለአረጋውያን የተሻለ አማካይ ይሰጣል፤ በሰው እና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት ግን እሱም አያስቀርም። ከፍተኛ ምቱ በሕክምና ክትትል ተለክቶ የሚታወቅ ሰው ግምቱ ከሁሉ ይልቅ ይታመናል።

ትሬድሚል

ትሬድሚል ላይ ሰው የራሱን ክብደት ተሸክሞ ስለሚንቀሳቀስና ብዙ ጡንቻ ስለሚያሠራ፣ ብዙ ሰዎች ከፍተኛውን የኦክስጅን ፍጆታቸውን የሚያሳዩት በእሱ ላይ ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ቀመሮች በሰፊው ያገለግላሉ። ለእርምጃ፣ ፍጥነቱ በሜትር በደቂቃ ተወስዶ በ0.1 ይባዛል፤ በዚያ ላይ የፍጥነቱና የዳገቱ ብዜት በ1.8 ተባዝቶ ይጨመራል፤ በመጨረሻም የዕረፍቱ 3.5 ይታከላል። በሰዓት 5.4 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በደቂቃ 90 ሜትር፣ በ10 በመቶ ዳገት የሚራመድ ሰው 9 ሲደመር 16.2 ሲደመር 3.5፣ በድምሩ 28.7 ሚሊ ሊትር ይፈጃል፤ ይህም 8.2 ሜት ገደማ ነው። ከጠቅላላው ግማሽ በላይ የሚሆነው የዳገቱ ድርሻ ነው።

ለሩጫ የፍጥነቱ ማባዣ 0.2፣ የዳገቱ ደግሞ 0.9 ይሆናል። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር በ2 በመቶ ዳገት መሮጥ 30 ሲደመር 2.7 ሲደመር 3.5፣ ማለትም 36.2 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል። ሁለቱን ቀመሮች ማደባለቅ ትልቅ ስህተት ያስከትላል፤ በእርምጃና በሩጫ መካከል ባለው ፍጥነት፣ በተለይም ሰውየው እየተራመደ ይሁን እየሮጠ በማይለይበት ጊዜ፣ ግምቱ ይዛባል።

በሆስፒታሎች ከሁሉ የታወቀው አሠራር በአሜሪካ ሲያትል ይሠሩ በነበሩት የልብ ሐኪም ሮበርት ብሩስ ስም የሚጠራው ነው። በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል። የመጀመሪያው ደረጃ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር በ10 በመቶ ዳገት፣ ሁለተኛው 4 ኪሎ ሜትር በ12 በመቶ፣ ሦስተኛው 5.5 ኪሎ ሜትር በ14 በመቶ ነው። ብቃቱ ተፈታኙ ከቆየበት ጊዜ ይሰላል፤ በአንድ የታወቀ ቀመር ዘጠኝ ደቂቃ የቆየ ሰው ወደ 30፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ የቆየ ወደ 42 ሚሊ ሊትር ይገመትለታል። በደረጃዎቹ መካከል ያለው ዝላይ ሰፊ ስለሆነ ለደካሞችና ለአረጋውያን ይከብዳል። በአንጻሩ የባልኬ አሠራር ፍጥነቱን ሳይለውጥ ዳገቱን ቀስ በቀስ ስለሚጨምር ይለዝባል።

በትሬድሚል ላይ ግምትን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው የእጅ መደገፊያውን መያዝ ነው። ሰው መደገፊያው ላይ ሲደገፍ ከክብደቱ የተወሰነው ወደ ማሽኑ ይተላለፋል፤ የሚፈጀው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ማሽኑ ግን ሙሉ ክብደቱን እንደተሸከመ አድርጎ ይቆጥርለታል። በዚህ ምክንያት የሚገኘው ውጤት ከእውነተኛው አቅም በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል። ሚዛን ለመጠበቅ ያህል በጣት ጫፍ መንካት ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው ችግር የማሽኑ ራሱ ትክክለኛነት ነው። በማያው ላይ የሚነበበው ፍጥነት ቀበቶው ሲያረጅ ወይም ከባድ ሰው ሲወጣበት ከእውነቱ ሊለይ ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የቀበቶው ሙሉ ርዝመት ይለካል፤ ጠርዙ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ሰው እየተራመደበት ምልክቱ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቆጠራል። 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቀበቶ በደቂቃ 30 ጊዜ ቢዞር ፍጥነቱ በደቂቃ 90 ሜትር ነው። ከቤት ውጭ ከሚሮጥ ሰው ጋር ለማነጻጸርም የአየር መቋቋም አለመኖሩን ለማካካስ ዳገቱን 1 በመቶ ማድረግ የተለመደ ነው።

የማይንቀሳቀስ ብስክሌት

ብስክሌት ለግምት ከሁሉ ይልቅ የሚያመች ማሽን ነው። ተፈታኙ ተቀምጦ ስለሚሠራ የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን ለመለካት ይቀላል፤ የመውደቅ ሥጋትም ያንሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፔዳል በመምታት ጊዜ ሰውነት ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ሥራ የሚቀየረው ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲሆን፣ ይህ መጠን ከሰው ሰው ብዙ አይለያይም። በመሆኑም የመጀመሪያው ምሰሶ በብስክሌት ላይ ጠንካራ ነው።

በላቦራቶሪ የሚሠራበት የስዊድኑ ሞናርክ ብስክሌት መዘውሩን በቀበቶ ያግታል። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የመዘውሩ ጠርዝ 6 ሜትር ይጓዛል፤ በደቂቃ 50 ዙር በ1 ኪሎ ክብደት ማገጃ መምታት 50 ዋት ገደማ ሥራ ነው። የኦክስጅኑ ዋጋ የሚሰላው ዋቱን በ10.8 አባዝቶ ለክብደት በማካፈልና 7 በመጨመር ነው። ከሰባቱ ግማሹ ለዕረፍት፣ ግማሹ ባዶ ፔዳል ለማዞር የሚውል ነው።

በብስክሌት ላይ ክብደት የሚያመጣውን ልዩነት ልብ ማለት ያሻል። 150 ዋት 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 25 ነው። ክብደቱን ማሽኑ ስለሚሸከምለት ከባዱ ሰው ያንኑ ዋት ለመሥራት የሚፈጀው ጠቅላላ ኦክስጅን ከቀላሉ ሰው ብዙ አይለይም፤ ለኪሎ ሲካፈል ግን ያንሳል። ማሽኑ ላይ የተሳሳተ ክብደት የሞላ ሰው የተሳሳተ ብቃት ያነባል።

ስዊድናውያኑ ፐር-ኡሎፍ ኦስትራንድና ኢርማ ሪህሚንግ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጡት ፈተና እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ተፈታኙ በደቂቃ 50 ዙር፣ በአንድ በተመረጠ ሥራ፣ ስድስት ደቂቃ ፔዳል ይመታል። የአምስተኛውና የስድስተኛው ደቂቃ የልብ ምት አማካይ ይወሰዳል፤ ምቱ በ125 እና በ170 መካከል መሆን አለበት። ከዚያ ሥራውንና ምቱን በሚያገናኝ ሠንጠረዥ ላይ ጣሪያው ይነበባል፤ ለወንድና ለሴት የሚነበበው መስመር የተለየ ነው። ከፍተኛ የልብ ምት ከዕድሜ ጋር ስለሚቀንስ ውጤቱ ለ35 ዓመት ሰው በ0.87፣ ለ45 ዓመት በ0.78፣ ለ55 ዓመት በ0.71 ይባዛል። የዚህ ፈተና የተለመደ ስህተት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው።

በብዙ ጂሞች ያለው የስፒኒንግ ብስክሌት ግን ለዚህ አይበቃም። ማገጃው በእጅ ተጠምዝዞ የሚጠብቅ ስለሆነና ጥብቀቱ በዋት ስለማይለካ፣ የልብ ምት ቢታወቅም ሥራው አይታወቅም። ዋት የሚያሳይ ብስክሌትም ቢሆን የሚታመነው መለኪያው በየጊዜው ሲስተካከል ነው። ብስክሌት የማያዘወትር ሰው ሌላም ገደብ ይገጥመዋል፤ ልቡ አቅም እያለው ጭኑ ቀድሞ ይዝላል። በዚህ የተነሳ የብስክሌት ጣሪያው ከትሬድሚል ጣሪያው 10 በመቶ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያንሳል። ለሠለጠነ ብስክሌተኛ ልዩነቱ ይጠብባል ወይም ይጠፋል።

ደረጃ መውጫ

ከማሽኖች ሁሉ ርካሹ አንድ ሳጥን ነው። በኩዊንስ ኮሌጅ ስም በሚታወቀው ፈተና ተፈታኙ 41.3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ በሜትሮኖም ምት እየተመራ ሦስት ደቂቃ ይወጣል ይወርዳል፤ ወንድ በደቂቃ 24 ጊዜ፣ ሴት 22 ጊዜ። ሲጨርስ እንደቆመ፣ ከአምስተኛው እስከ ሃያኛው ሰከንድ ያለው የልብ ምት ተቆጥሮ በአራት ይባዛል። ለወንድ ምቱ በ0.42 ተባዝቶ ከ111.33 ይቀነሳል፤ ለሴት በ0.1847 ተባዝቶ ከ65.81 ይቀነሳል። ምቱ 150 የሆነ ወንድ 48 ገደማ፣ ምቷ 160 የሆነ ሴት 36 ገደማ ይገመትላቸዋል።

ፈተናው ቀላል ቢመስልም የወንዶቹ ፍጥነት 32 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይጠይቃል። ጣሪያው ከዚህ በታች ለሆነ ሰው ይህ መካከለኛ ሥራ ሳይሆን ከአቅም በላይ ነው። ቁመተ አጭር ሰውም በከፍታው ምክንያት የበለጠ ይደክማል። የልብ ምት ሥራው ሲቆም በፍጥነት ስለሚወርድ፣ ቆጠራው በጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ እንኳ ብቃቱ ከእውነቱ በላይ ሆኖ ይታያል።

በጂም የሚገኙት ተንቀሳቃሽ የደረጃ ማሽኖች በተመሳሳይ መርህ ይሠራሉ፤ የሥራው ዋና ክፍል የሰውነትን ክብደት ወደ ላይ ማንሳት ነው። እንደ ትሬድሚሉ ሁሉ በእጅ መደገፊያው ላይ መንጠልጠል ስሌቱን ያፈርሰዋል። ሙሉውን ደረጃ ትቶ በአጭር በአጭሩ የሚረግጥም ሰው ማሽኑ ከቆጠረለት ያነሰ ሥራ ይሠራል።

የመቅዘፊያ ማሽን

የመቅዘፊያ ማሽን እግርን፣ ጀርባንና ክንድን በአንድነት ያሠራል። በሰፊው የተሠራጨው የኮንሰፕትቱ ማሽን ማራገቢያ ያለው ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ማራገቢያው በእያንዳንዱ ቅዝፊያ መካከል ምን ያህል እንደሚዘገይ አንብቦ የአየሩን መቋቋም በየጊዜው ያሰላል። ስለዚህ በጎኑ ያለው የአየር ማስገቢያ ቢከፈትም ቢዘጋም የሚነበበው ዋት የሚወዳደር ሆኖ ይቆያል። ከጂም ማሽኖች መካከል በዋት ንባቡ ከሚታመኑት አንዱ ነው።

በዚህ ማሽን ላይ ዋት የሚሰላው 2.80 አንድ ሜትር ለመቅዘፍ በሚፈጀው ሰከንድ ኩብ ሲካፈል ነው። 2,000 ሜትርን በ8 ደቂቃ የሚጨርስ ሰው በአማካይ 203 ዋት ገደማ ያመነጫል፤ በ7 ደቂቃ ለመጨረስ ግን 302 ዋት ገደማ ያስፈልገዋል። ጊዜውን በአንድ ስምንተኛ ለማሳጠር ጉልበቱን በግማሽ ያህል መጨመር ግድ ነው። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ትምህርት መሻሻልን በደቂቃ ሳይሆን በዋት መከታተል እንደሚሻል ነው።

ከዋት ወደ ኦክስጅን የሚደረገው ሽግግር ግን በመቅዘፍ ላይ እንደ ብስክሌቱ የጸና አይደለም፤ ምክንያቱ ስልት ነው። የሠለጠነ ቀዛፊ በእግሩ ገፍቶ ሰንሰለቱን በቀጥታ ይስባል፤ ጀማሪ በክንዱ እየጎተተ ጉልበት ያባክናል። ሁለቱ ተመሳሳይ ዋት ቢያሳዩ ጀማሪው የሚፈጀው ኦክስጅን ይበልጣል፤ ቀመሩ ግን እኩል ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ፈጣን መሻሻል አብዛኛው የስልት እንጂ የልብ አይደለም። ለሠለጠነ ቀዛፊ ግን በዚህ ማሽን የሚገኘው ጣሪያ ከትሬድሚሉ ጋር ይስተካከላል።

ኢሊፕቲካል፣ የአየር ብስክሌትና የክንድ ማሽን

ኢሊፕቲካል መገጣጠሚያን ስለማይመታ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይመርጠዋል። ለግምት ሲሆን ግን ደካማ ነው። የእርምጃው ርዝመት፣ የመዘውሩ ክብደትና ማገጃው ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ለሁሉም የሚሠራ የጋራ ቀመርም የለም። በአንዱ ላይ ደረጃ 10 ማለት በሌላው ላይ ደረጃ 10 ማለት አይደለም። እጀታውን የሚገፋና የማይገፋ ሰው የሚሠሩት ሥራም እኩል አይደለም። በማያው ላይ የሚወጣው የካሎሪ ቁጥር በአምራቹ ግምት የተሠራ በመሆኑ፣ የሚጠቅመው በዚያው ማሽን ላይ ራስን ከራስ ለማነጻጸር ብቻ ነው።

የአየር ብስክሌት በማራገቢያ ይታገታል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚጠይቀው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሥራውን በአንድ ደረጃ አጽንቶ መያዝ ይከብዳል፤ ከጣሪያ በታች ለሚደረግ ፈተና ደግሞ የጸና ሥራ ግድ ነው።

በክንድ የሚዞረው ማሽን ለዊልቸር ተጠቃሚዎችና እግራቸውን ማሠራት ለማይችሉ ሰዎች ዋነኛው መንገድ ነው። ክንድ ከእግር ያነሰ ጡንቻ ስላለው፣ ባልሠለጠነ ሰው ዘንድ ጣሪያው በእግር ከሚገኘው ከ60 እስከ 70 በመቶ ነው፤ ከፍተኛው የልብ ምትም ከ10 እስከ 15 ያህል ያንሳል። ከዚህ የተነሳ ለእግር የተዘጋጀን ቀመር ወይም ደረጃ ለክንድ ማዋል ሰውየውን ያለ አግባብ ደካማ ያስመስለዋል።

ውጤቱን የሚያዛቡ ሁኔታዎች

የልብ ምት ኦክስጅንን ብቻ አይከተልም። ሙቀት፣ የውሃ ጥማት፣ ትኩሳት፣ እንቅልፍ ማጣትና ፍርሃት ሁሉ ከፍ ያደርጉታል። ቡና ከመጠጣት፣ ከማጨስና ጫት ከመቃም በኋላ የሚወሰድ ምት አይታመንም። ቀደም ባለው ምሳሌ የሁለቱም ደረጃዎች ምት በአምስት ብቻ ቢጨምር ግምቱ ከ38.6 ወደ 37.1 ይወርዳል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ የሚሰጡ ቤታ ብሎከር የተባሉ መድኃኒቶች በአንጻሩ ምቱን ዝቅ አድርገው ስለሚይዙ፣ ከዕድሜ የሚሰላውን ከፍተኛ ምትም ሆነ በእሱ ላይ የቆመውን ግምት ዋጋ ያሳጡታል። እነዚህን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም። ድካምን በቁጥር የሚገልጸው፣ ከ6 እስከ 20 የሚሄደው የስዊድናዊው ጉናር ቦርግ መለኪያ ለእሱ የተሻለ መመሪያ ነው።

ምቱ የሚለካበት መንገድም ይለያያል። በማሽኑ እጀታ ላይ ያሉት መዳሰሻዎች በሩጫ ጊዜ ይስታሉ፤ እነሱን መያዝም ራሱ መደገፍ ነው። ደረት ላይ የሚታሰረው መቀነት የበለጠ ይታመናል።

ከፍታ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። አንድ ሥራ የሚጠይቀው ኦክስጅን ግን በከፍታ አይቀንስም። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ሰው ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የለመደውን ፈተና ቢደግም የልብ ምቱ ከፍ ይላል፤ እውነተኛ ጣሪያውም 10 በመቶ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ይህ የብቃት ማሽቆልቆል ሳይሆን የአየሩ ውጤት ነው። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው የሚያየው ብልጫም እንዲሁ በልምምድ የመጣ አይደለም። በባሕር ወለል ላይ ከተሠራ ሠንጠረዥ ጋር የሚነጻጸር የደጋ ውጤት ይህ ልዩነት ታስቦለት መነበብ አለበት።

ጥንቃቄና አመዘጋገብ

የልብ ሕመም፣ የስኳር ወይም የኩላሊት በሽታ ያለበት፣ እንዲሁም በእንቅስቃሴ ጊዜ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር የሚሰማው ሰው ከፈተናው በፊት ሐኪም ማየት ይኖርበታል። በፈተናው መካከል የደረት ውጋት፣ ማዞር፣ የልብ መዛባት ወይም የቆዳ መገርጣት ከታየ ፈተናው ወዲያው ይቆማል። ያለ ሐኪም የሚደረግ ፈተና ከከፍተኛው የልብ ምት 85 በመቶ ገደማ ላይ እንዲያበቃ ማድረግ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ከፈተና በኋላም በአንድ ጊዜ መቆም ሳይሆን ለጥቂት ደቂቃ በቀላል ሥራ መቀጠል ያስፈልጋል፤ ደም በእግር ተጠራቅሞ ሰውን ሊጥለው ይችላልና።

ፈተናው ሲደገም ሁኔታው እንዳለ መደገም አለበት፤ በዚያው ማሽን፣ በዚያው አሠራር፣ በቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት፣ ከምግብና ከቡና ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ርቆ፣ ከባድ ልምምድ ካልነበረበት ቀን በኋላ። አዲስ ማሽን የሚሞክር ሰው የመጀመሪያውን ውጤት እንደ ልምምድ ቆጥሮ ሁለተኛውን መነሻ ቢያደርግ ይሻላል።

መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ሊሆን አይገባም። የማሽኑ ዓይነት፣ የፈተናው አሠራር፣ በየደረጃው የነበረው ፍጥነት ወይም ዋት፣ የልብ ምቱ፣ የሰውነት ክብደቱና ፈተናው የተደረገበት ከተማ አብረው ይጻፋሉ። ቀመር ሊለወጥ፣ ማሽንም ሊተካ ይችላል፤ በ125 ዋት የልብ ምት 140 ነበር የሚለው መረጃ ግን ሁልጊዜም እንዳለ ይኖራል። ከወራት ልምምድ በኋላ በዚያው 125 ዋት ምቱ 128 ከሆነ፣ የትኛውም ቀመር ቢሠራበት ልቡ በአንድ ምት የሚረጨው ደም መጨመሩን ወይም ጡንቻው ኦክስጅንን በተሻለ መጠቀሙን ያመለክታል። በአንጻሩ ከአንድ ፈተና ወደ ሌላው የታየ የሁለትና የሦስት በመቶ ለውጥ ከግምቱ ስህተት ያነሰ ስለሆነ፣ በተከታታይ ፈተናዎች ካልጸና እንደ መሻሻልም እንደ ውድቀትም አይቆጠርም። በትሬድሚል የተገኘ 42 እና በብስክሌት የተገኘ 38 የአንድ ጤነኛ ሰው ቁጥሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸው የሚመዘኑት በዚያው ማሽን ላይ፣ በዚያው ጾታና ዕድሜ ከተሠራ ደረጃ ጋር ነው።